ፊቱ የጠፋው ድንክ

ኖርማን ታግ በእንግሊዝ አገር፣ በኖቲንግሃም ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆኖ ሠርቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ለተፈታኞቹ የተናገረው ቃል ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። «ወደ ግራ ይታጠፉ። እዚህ ጋ ያቁሙ። አላለፉም።» የወደቀው ሰው ምን እንዳጠፋ ሲጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ ያው ነበር፤ «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።» አንዴ ሠርጓ ሁለት ቀን የቀረው ልጅ መሪው ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ ብታለቅስበት፣ መሀረቡን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣትና «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለማንም አያዳላም፣ ማንንም አይፈራም። የሰፈሩን ቄስ ሁለት ጊዜ ጥሎ እሁድ እሁድ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ስብከታቸውን በጸጥታ ያዳምጥ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ መከራው ወደ ቤት ገባ። የሚፈትነው ሰው ሲያጣ ሚስቱን ግሌኒስን መፈተን ጀመረ። ሸሚዝ ስትተኩስ ከአጠገቧ ቆሞ አንገቱን ይነቀንቃል። ገበያ ሲሄዱ የዕቃ ጋሪውን ስትገፋ «ከመታጠፍሽ በፊት ወደ ኋላ አላየሽም» ይላታል። ሾርባዋን ቀምሶ ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ከንግግሩ የባሰ ነበር።

«ዳክዬዬ» አለችው አንድ ቀን። በዚያ ከተማ የሚወዱትንም የሚታገሡትንም ሰው እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ወይ የሚሠራ ነገር ፈልግ፣ ወይ እኔ ሌላ ቤት ልፈልግ።»

እሱ ሳይፈልግ ሲቀር ራሷ ፈለገችለት። ለስድሳ ስድስተኛ ልደቱ አንድ ካርቶን ሰጠችው። ውስጡ አውራ ጣት የሚያህል፣ መጥረቢያ የተሸከመ የብረት ድንክ፣ ስድስት ብልቃጥ ቀለምና ሁለት ቀጫጭን ብሩሾች ነበሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትቀባዋለህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝም ትላለህ። ሻጩ እንደዚያ ነው ያለኝ። ባሎቻቸውን ያስታገሰላቸው ብዙ ሴቶች አሉ አለ።»

ሻጩ አልዋሸም። ኖርማን ሦስት ቀን ሙሉ ድምፁ ሳይሰማ ዋለ። ጢሙን ቀይ፣ ካባውን ሰማያዊ፣ መጥረቢያውን ብርማ አደረገው። ድንኩ ሲያልቅ የቲማቲም ድልህ በርሜል ውስጥ ወድቆ በሰው ርዳታ የወጣ ይመስል ነበር። ኖርማን ግን በሕይወቱ ስህተት ከመቁጠር በቀር በገዛ እጁ የሠራው የመጀመሪያ ነገር ስለነበረ ሆዱ ባባ። መዳፉ ላይ አቁሞ ወደ ወጥ ቤት ይዞት ሄደ።

«ቆንጆ ነው» አለች ግሌኒስ፣ ከምትልጠው ድንች ቀና ሳትል።

«አላየሽውም እኮ።»

«ሳላየውም ቆንጆ ነው። አሻንጉሊት አይደል እንዴ?»

ይሄ ለኖርማን አልበቃውም። ነገር የሚመዘነው በሚያውቅ ሰው ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሐሙስ ድንኩን በካልሲ ጠቅልሎ «የብረት ማንቆርቆሪያ» ወደሚባለው የቀቢዎች ክበብ ሄደ።

ክበቡ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማፐርሊ በሚባለው ሰፈር፣ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል። አባላቱ አሥራ አራት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። ወንዶቹ መነጽራቸው ላይ ሌላ መነጽር ደርበው፣ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ አቀርቅረው፣ እስትንፋሳቸውን ውጠው የአጋንንት ጥርስ ይቀባሉ። ሊቀመንበሩ ሩፐርት ደንክሊ ከአንድ የመድን ድርጅት ጡረታ የወጣ፣ ድምፁ ከደረቱ ሳይሆን ከወለሉ ሥር የሚመጣ የሚመስል፣ ሰደርያው ላይ የብር ዘንዶ የሚሰካ ሰው ነበር።

«አሻንጉሊቴን ይዤ መጥቻለሁ» አለ ኖርማን፣ ካልሲውን እየፈታ።

አሥራ አራት ብሩሽ በአንዴ ቆመ።

«ምስል ነው የሚባለው፣ ወዳጄ» አለው ሩፐርት በትዕግሥት። «በአሻንጉሊት የሚጫወቱት ልጆች ናቸው። በዚህ የሚጫወቱት አዋቂዎች ናቸው።»

በክበቡ ሕግ አዲስ ምስል ሲመጣ የአስተያየት ሰዓት ይታወጃል። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም የታየውን ይናገራል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባል ስለ ፈረሱ ጭራ በተነገረው ነገር ተቀይሞ ክበቡን ጥሎ ስለወጣ፣ ኮሚቴው አንድ አንቀጽ ጨምሯል፤ ማንም ሰው መጀመሪያ ሳያመሰግን መንቀፍ አይችልም።

«መቆሚያው በጣም ክብ ነው» አለ የመጀመሪያው ሰው። መቆሚያው ከፋብሪካ ክብ ሆኖ ነው የወጣው። «ቀለምህን ግን አቅጥን።»

«መጥረቢያው የቱ ጋ እንዳለ በደንብ ያስታውቃል» አለ ሁለተኛው። «ቀለምህን ግን አቅጥን።»

«ሳይወድቅ ይቆማል» አለ ሦስተኛው። ቀጥሎ ያለውን ኖርማን ራሱ ሊልለት ምንም አልቀረውም።

ቀለም አቅጥን ማለት በዚያ አዳራሽ ሲገናኙም ሲለያዩም የሚባል ነገር ነበር። ሰው ሞቶባቸው ለቅሶ ቢሄዱ እንኳ ቤተሰቡን እሱኑ ብለው የሚያጽናኑ ይመስላል። በምን እንደሚቀጥን፣ ምን ያህል እንደሚቀጥን ግን የሚናገር አልነበረም።

በመጨረሻ ድንኩ ሩፐርት እጅ ገባ። ሩፐርት ወደ መስኮቱ አቀረበው፣ አራቀው፣ ገለበጠው።

«ባሕርይ አለው» አለ።

ኖርማን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያ ክበብ «ባሕርይ አለው» ማለት «አስቀያሚ ነው» ማለት እንደሆነ የገባው ከአራት ወር በኋላ ነው።

በዚያ ቀን ድንኩን ያልነካች አንዲት አባል ብቻ ነበረች፤ አቭሪል ፔግ። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ጸጉሯን በእርሳስ የምትጠቀልል፣ በልብስ ፋብሪካ የኖረች ሴት ናት። የአዳራሹ መግቢያ ላይ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከመስታወቱ በስተኋላ፣ የላይኛውን መደርደሪያ የሞሉት ምስሎች የእሷ ሥራዎች ናቸው፤ ከነሱ ፊት የቆመ ሰው የሚያያቸው እሱ ይሁን የሚያዩት እነሱ ለመለየት ይቸገራል። የክበቡን ዓመታዊ ሽልማት ሦስት ጊዜ ወስዳለች። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ያከብራል። ሁሉም ደግሞ ከአስተያየቱ ሰዓት መሀል አንገቱን ወደ ሻይ ማፍያው መልሶ «አቭሪል፣ ወተት አልቋል እኮ!» ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ሻይ ስታፈላ ኖራለች።

ኖርማን በሥርዓት የኖረ ሰው ነውና ደብተር ገዛ። የተባለውን ሁሉ ጻፈ፤ የጻፈውን ሁሉ ፈጸመ። ጢሙ ጨለማ ሆነ ሲሉት አበራው። በራ ሲሉት አጨለመው። የጥላ ቀለም አፍስስበት ያለው ሰው ነበር፤ አፈሰሰበት። ጥላ የሰነፍ ሥራ ነው ያለውም ነበር፤ ጥላውን በነጭ ሸፈነው። አንዱ ካባው አረንጓዴ ቢሆን ብሎ ተመኘ፤ ካባው አረንጓዴ ሆነ። በሚቀጥለው ሐሙስ ያው ሰው ራሱ ካባውን አይቶ «ሰማያዊ አስበህ አታውቅም?» አለው።

ይህ አልበቃ ብሎት የድንኩን ፎቶ በክበቡ ድረ ገጽ ላይ አወጣና «እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ» ብሎ ጻፈ። እዚያ ደግሞ ሰው በእውነተኛ ስሙ ስለማይጽፍ የምስጋናው አንቀጽ አይሠራም። ጥቁር ዘንዶ 71 የተባለ ሰው ወዲያው መለሰለት፤ «ይህን ድንክ በመንገድ ያገኘ ሌላ ድንክ መንገድ ይቀይራል። ዓይኑ እንቁላል ነው። ከንፈሩ ጉበት ነው። የቀባው ሰው ሐኪም ይየው።» ከሥሩ አርባ ስድስት አስተያየት ተከተለ። ከነዚያ ስለ ድንኩ የሚናገሩት አራት ነበሩ። የቀሩት አስተያየቶች «የድንክ ጢም ቀይ ነው ወይስ ቡናማ?» በሚል ተጀምረው፣ ሁለት ሰዎች ዳግም ላይነጋገሩ በመማማል አለቁ።

ኖርማን አራቱንም አስተያየት ደብተሩ ላይ ገለበጠ። ዓይኑን ሠራው። አበላሸው። እንደገና ሠራው። የድሮውን ቀለም ሳያስለቅቅ አዲሱን ከላይ ከላይ ስለሚደርብ፣ ድንኩ ከሳምንት ሳምንት መልኩ ብቻ ሳይሆን ቁመናውም ተለወጠ።

«ወፍሯል እንዴ?» አለችው ግሌኒስ አንድ ቀን ቁርስ ላይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኩን ልብ ብላ ያየችው ያኔ ነው።

«ሰው ያለኝን አድርጌ ነው።»

«ሰው አፍንጫ አያስፈልገውም ብሎ ነው?»

ኖርማን መነጽሩን አደረገ። እውነትም አፍንጫው የለም። ከንፈሩም የለም። ዓይኖቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ሁለት ለስላሳ ጎድጓዶች ብቻ ቀርተዋል። አሥራ አራት ልባስ ቀለም የድንኩን ፊት ልክ እንደ ተላጠ እንቁላል አድርጎታል። ኖርማን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ፊት የለውም» ብሎ ጻፈና ቀኑን መዘገበ።

የክበቡ ዓመታዊ ውድድር በግንቦት ቅዳሜ ቀን ተደረገ። እያንዳንዱ አባል አንድ ምስል ማቅረብ ግዴታው ስለሆነ፣ ኖርማንም ከአንዱ በቀር ስለሌለው፣ ያንኑ አቀረበ። አቭሪል በዚያ ዓመት አላቀረበችም፤ ለውድድሩ ሳንድዊች የምታዘጋጀው እሷ ስለነበረች ጊዜ አላገኘችም፤ ግዴታዋን ያስታወሰ ሰውም አልነበረም። ዳኞቹ ሩፐርትና ከአጎራባች ክበቦች የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞሩ ቆዩና የኖርማን ድንክ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

ከእንግዶቹ ዳኞች አንዱ ጎንበስ ብሎ አየ። ሁለተኛውም አየ። ማናቸውም የሌላውን ሐሳብ ሳያውቁ ቀድመው መናገር አልፈለጉም። ዝምታው ረዘመ። ዝምታ ሲረዝም ደግሞ ክብደት እያገኘ ይሄዳል። ሩፐርት ክብደቱን አየና ቀድሞ ገባበት።

«ደፋር ነው» አለ።

«እኔም ልል የነበረው ይሄንኑ ነው» አለ አንደኛው።

«በጣም ደፋር» አለ ሌላው።

ከሰዓት በኋላ ሩፐርት መድረኩ ላይ ወጣ። ድንኩን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ተመልከቱት! ዓይን የለውም። ጦርነት ያየ ዓይን ከዚያ ወዲያ ምን ሊያይ? አፍ የለውም። ቢናገርስ ማን ይሰማዋል? እኛ ሁላችን አዝራርና ዘለበት ስንቆጥር፣ ይህ አዲስ ወንድማችን ፊትን የሚያህል ነገር ለመተው ጨከነ። ይህ ድንክ፣ ወዳጆቼ፣ እኛ ነን!»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባል ሁለቱንም መነጽሮቹን አውልቆ እንባውን ጠረገ። የአንደኝነቱ ሽልማት፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ እውነተኛ የብረት ማንቆርቆሪያ፣ ለኖርማን ተሰጠ።

ኖርማን ማንቆርቆሪያውን እንደ ታቀፈ ቆመ። ፊቱ ፍም መሰለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የማይገባውን ሰው አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም፤ ዛሬ ራሱን ሊያሳልፍ ነው?

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «ስህተት ተፈጥሯል። ይሄ ድንክ ፊት ነበረው። ተውኩት የሚባል ነገር የለም፤ ደፈንኩት። አሥራ አራት ጊዜ ቀብቼ ነው የደፈንኩት። ስለ ጦርነት አንድም ነገር አላሰብኩም። በእኔ ሚዛን ይሄ ሥራ ወድቋል።»

ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» አሉ ዳኞቹ።

«ወድቋል እኮ ነው የምለው!» ብሎ ጮኸ ኖርማን። ጭብጨባው ባሰ።

ሩፐርት ከመድረኩ ወርዶ ትከሻውን አቀፈውና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «መቼም ለማንም አትነግርም» አለው። «ጥቁር ዘንዶ 71 እኔ ነኝ። ጨከንኩብህ፤ ግን አየህ፣ ሠራልህ።»

«ሰባ አንድ ምንድን ነው? የተወለድክበት ዓመት ነው?»

«ኧረ አይደለም። ሰባው ቀድሞ ተይዞ ነው።»

ኖርማን ማንቆርቆሪያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ መኪናው ሸሸ። በሩን ሊከፍት ሲል ከኋላው ድምፅ ሰማ።

«አቶ ታግ፣ መቼም አያስታውሱኝም።»

አቭሪል ፔግ ናት። የሳንድዊቹን ትሪ ደረቷ ላይ እንደ ጋሻ ይዛለች።

«እንዴት አላስታውስሽም፤ አቭሪል አይደለሽ? ሻይ የምታፈይው።»

«ከሻዩ በፊት ማለቴ ነው። ሰባት ጊዜ ጥለውኛል።»

ኖርማን አያት። ሺህ ፊት ከጎኑ ተቀምጦ አልፏል፤ አንዱንም ግን አይቶ አያውቅም፤ ዓይኑ ሁልጊዜ መንገዱና ወረቀቱ ላይ ነበር።

«ሰባት ጊዜ?»

«ሰባት። ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ይሻላል ብዬ ተውኩት።»

ኖርማን ይቅርታ ሊል አሰበ፤ ግን ባታጠፋ ኖሮ አይጥላትም ነበር፤ ታዲያ ለምኑ ይቅርታ ይላል? ሌላ ነገር ከአፉ ወጣ።

«ስለ ድንኩ አንድ ቀን እንኳ ምንም አላልሽም።»

«እርስዎ መቼ ጠየቁኝ?»

«ሁሉንም ጠየቅኩ እኮ።»

«ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡትን ሁሉ ጠየቁ። እኔ ቆሜ ነበር።»

ኖርማን ራሱን አከከ። «እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። ምን ትያለሽ?»

አቭሪል ትሪውን የመኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጠችና ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ጊዜውን ስትጠብቅ እንደቆየች ከወረቀቱ መጨማደድ ያስታውቃል። ኖርማን ሲዘረጋው ወዲያው አወቀው። የገዛ ሥራው ወረቀት ነው፤ ሠንጠረዡ፣ ሰረዙ፣ የስህተት ሳጥኑ ሁሉ በእጅ ተሥሎ። ላዩ ላይ «ሃያ ሁለት ቀላል ስህተት፣ ሦስት ከባድ ስህተት። አላለፉም» ይላል።

«ለምን?» አለ ኖርማን፣ ሳያስበው።

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» አለችው አቭሪልና ትሪዋን አንሥታ ሄደች።

ወረቀቱን መኪናው ውስጥ ሆኖ አነበበው። ከባድ ስህተቶቹ እንዲህ ይላሉ፤ ቀለም አያቀጥንም። የሚቀባውን ነገር ሳያይ ይቀባል። የመከረውን ሰው ሁሉ ይሰማል። ከሥሩ በቀጭን እጅ ጽሑፍ የቤቷ አድራሻ ነበር።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ አድራሻው ወዳለበት ቡልዌል ሰፈር ሄዶ በሯን አንኳኳ። ማንቆርቆሪያውንም ይዞ ነበር፤ ለማን እንደሚመልሰው ስላላወቀ ከመኪናው ሊያወጣው አልቻለም። አቭሪል ወደ ወጥ ቤቷ አስገባችውና ሳትጨዋወት ድንኩን ተቀበለችው፤ የጃም ብልቃጥ ውስጥ ወርውራ የሚከረፋ ፈሳሽ አፈሰሰችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ኖርማን፤ ግማሽ ዓመት የደከመበት ነው።

«ዝም ብለህ ጠብቅ» አለችው። አንቱታው በሩ ላይ ቀርቷል።

ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ስለ አየሩ አወሩ፤ ስለ አውቶቡስ መስመሩ መቀየር አወሩ። ከዚያ አቭሪል ድንኩን አውጥታ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ትፈገፍገው ጀመር። አረንጓዴው እንደ ቆዳ ተገፈፈ። ሰማያዊው ወጣ። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ቀዩ እየተንጠባጠበ ወረደ። ውሃው ሲያጥበው ብረቱ ብልጭ አለ። አቭሪል ድንኩን በፎጣ አድርቃ ከአጉሊ መነጽር ሥር አቆመችለት።

«እየው።»

ኖርማን አየ። ድንኩ ፈገግ ብሎ ነበር። በጥርሱ አይደለም፤ ከአንዱ ጉንጩ ብቻ፣ ቀልድ ሰምቶ እንዳልሰማ እንደሚሆን ሰው። ከግራ ዓይኑ ሥር ትንሽ ጠባሳ ነበረችው። ኖርማን ያን ሁሉ ጊዜ የተቆጣ ተዋጊ አድርጎ ነበር ሲቀባው የከረመው።

«ይስቃል እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ይስቃል። አንድ ሰዓት ሳትቀባው ቁጭ ብለህ ብታየው ኖሮ ታውቀው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ይሄድ ጀመር። ቀለም ማቅጠን ማለት ምን እንደሆነ ከስድስት ወር ምክር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አየ፤ ቅባቱ የወጣለት ወተት እስኪመስል ድረስ በውሃ መበጥበጥ ነው። «ይሄው ነው?» አለ። «ይሄው ነው» አለችው። አንድ አረፍተ ነገር ነበር። አሥራ አራት ሰዎች ሊነግሩት ያልቻሉት አንድ አረፍተ ነገር።

አቭሪል ስታስተምር ብዙ አታወራም። ሲያጠፋ ብሩሹን ይዛ እጁን ታቆመዋለች፤ ያጠፋውን ታሳየዋለች፤ ትለቀዋለች። የመጀመሪያውን ዓይን ሲሠራ ላብ ጀርባውን አራሰው። «አንድ ነገር በይ እንጂ!» አላት፤ «ዝም ስትዪ ያስፈራል።»

«አሁን ገባህ?» አለች አቭሪል።

ኖርማን ብሩሹን አስቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ለምን ነበር የጣልኩሽ? ወረቀቱ ላይ ምን ይል ነበር?» ሲል ጠየቃት።

«'መስታወት' ይል ነበር። ሰባቱም ጊዜ። 'መስታወት' ብቻ። መስታወቱን እንደሆነ አያለሁ፤ ምኑን እንደማላይ ግን የነገረኝ የለም። እናቴ መስታወቱ ቆሽሾ ይሆናል ብላ ሁለት ጊዜ አጥባልኛለች።»

«በመስታወቱ ኋላሽን አይተሽ ሳትጨርሺ መታጠፍ ትጀምሪ ይሆናል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው። በአንድ ላይ ያደርገዋል።»

አቭሪል አየችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አላቆመም፤ መጨረሻው ላይ ሳቅ መሆኑም አጠራጠረ። ኖርማን መሀረቡን ከኪሱ አወጣ። በዚህ ጊዜ ምንም አልተናገረም።

«ጥሩ አድርገህ ነው የጣልከኝ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሰው እገጭ ነበር። ያንን ግን ያኔ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አይፈቀድልኝም ብዬ አስብ ነበር» አለ ኖርማን። ቀጥሎ ደግሞ፣ «እውነቱን ለመናገር፣ ይፈቀድ ነበር» አለ።

ድንኩ በሐምሌ አለቀ። ጢሙ ሦስት ዓይነት ቀይ ነበረው፤ ካባው ጫፉ ላይ ጭቃ የነካው ይመስላል፤ ዓይኖቹ ወደ አንድ ወገን ያያሉ። ከአቭሪል ሥራዎች አጠገብ ቢያቆሙት የሚያፍር ምስል ነው፤ ግን ምስል ነው። ኖርማን ድንኩንም ማንቆርቆሪያውንም ይዞ ሐሙስ ዕለት ክበቡ ፊት ቆመ። ሽልማቱን ልመልስ አለ። ኮሚቴው እዚያው ተሰበሰበ፤ መተዳደሪያ ደንቡ ተነበበ። ሽልማት የሚሰጥበት አንቀጽ እንጂ የሚመለስበት አንቀጽ ስለሌለ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ተቀመጠ።

የድንኩ የአስተያየት ሰዓት ደረሰ።

«መቆሚያው አሁንም ክብ ነው» አለ የመጀመሪያው፤ «ግን... እንዴት ልበልህ... ምስጢሩ ጠፍቷል።»

«ድሮ ያሳስበኝ ነበር» አለ ያ መነጽሩን አውልቆ ያለቀሰው። «አሁን ያው ድንክ ነው።»

«ቀለምህን አቅጥን» አለ ሦስተኛው። ቀለሙ ቀጥኖ ከዚያ በላይ ቢቀጥን ውሃ ነበር የሚሆነው። ኖርማን ደብተሩን አላወጣም። ወደ ሻይ ማፍያው ዞር ቢል አቭሪል ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየ።

በዚያ ቀን ጨዋታም ነበር። ኖርማን ይህን ሁሉ ሲቀባ ድንኩ ለጨዋታ የተሠራ መሆኑን ረስቶት ነበርና ሩፐርት «በል፣ አስገባው እንጂ» ሲለው ግራ ገባው። ትልቁ ጠረጴዛ ላይ የካርቶን ተራሮችና የስፖንጅ ጫካ ተዘርግቷል። ኖርማን ድንኩን በሁለት ጣቱ ይዞ ከአንድ ድልድይ ጫፍ አቆመው። ሩፐርት ከጫካው ማዶ ክንፍ ያለው፣ ጡጫ የሚያህል አውሬ ገፋ አደረገና ባለ ስድስት ጎኑን ዳይስ ወረወረ።

«ስድስት። ሞቷል» አለ።

«ማን?»

«ድንክህ።»

«አሁን እኮ ነው የገባው!»

«አውሬው በራሪ ነው። አንሣው።»

ስምንት ወር፣ ሁለት ደብተር፣ አሥራ አምስት ልባስ፤ ኖርማን አራት ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ድንኩን አንሥቶ ከጠረጴዛው ጠርዝ፣ ከሌሎቹ ሙታን አጠገብ አጋደመው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የገረመው ነገር ቢኖር አለማዘኑ ነው።

ሩፐርት ተራው እስኪደርስ እጁ ሥራ ፈትቶ ነበርና ከሙታኑ መሀል አንዱን አነሣ፤ የኖርማንን ድንክ። ወደ መስኮቱ አቀረበው። መነጽሩን ሌላኛው መነጽር ላይ ደረበ። ኖርማን «ባሕርይ አለው» እስኪለው ጠበቀ። የሩፐርት ተራ ደረሰ፤ ጠሩት፤ አልሰማም።

«ይሄን ዓይን» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ከወለሉ ሥር ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉሮሮው እየወጣ፣ «እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው? ሃያ ዓመት ሞክሬ ወደ አንድ ወገን የሚያይ ዓይን ሠርቼ አላውቅም።»

«እኔ ብቻዬን አልሠራሁትም» አለ ኖርማን። «አቭሪልን ጠይቃት።»

ሩፐርት ሊስቅ ከጀለ። የኖርማን ፊት ግን አልሳቀም። ሊቀመንበሩ ድንኩን መዳፉ ላይ እንደያዘ ተነሣ። አዳራሹን አቋርጦ ሻይ ማፍያው ዘንድ ደረሰ፤ ባዶ ኩባያ አልያዘም ነበርና አቭሪል ምን እንደሚፈልግ ለመገመት ተቸገረች።

«አቭሪል» አለ። «ይሄን ዓይን... ታሳይኝ ይሆን?»

አቭሪል ድንኩን አየች፤ ሩፐርትን አየች፤ መጥረጊያ ጨርቋን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

«አሳይሃለሁ» አለችው። «መጀመሪያ ግን አንድ ሻይ ቅዳልኝ፤ እግሬ ዝሏል።» ሄዳም የሱ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሩፐርት ቀዳ። ግማሹ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። የስኳሩን ዕቃ ከፍቶ ማንኪያውን ይዞ ቆመ፤ ወደ ጠረጴዛው ዞረ፤ አሥራ አራቱንም ወንዶች በየተራ አየ። ስንት ስኳር እንደምትወስድ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።